ለሴት ልጅም ሰባት እልልታ

ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ምጥ የያዛት ሴት ከውስጥ፣ ባልና የመንደር ወንዶች ከደጅ ሆነው ይጠብቃሉ። እልልታው ሲጀመር የደጁ ወሬ ይቆምና ሁሉም ቆጠራ ይገባል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ከቆመ ሴት ናት። ካለፈ ወንድ ነው፤ እስከ ሰባት ይዘልቃል። ቁጥሩ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ለሴት የሚበልጥበት ቦታ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አማርኛ የደስታ ቃል አያጥረውም። እሰይ አለ፣ ተመስገን አለ፣ እንኳን ደስ አላችሁ አለ። እልል ግን ትርጉሙ ድምፁ ራሱ ነው። አንዷ ምላሷን እያርገበገበች ትጀምራለች፤ ሌሎቹ ሳይጠሩ ይቀበሏታል፤ ወዲያው ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። ሙሽራ ሲገባም ሆነ ታቦት ከመቅደስ ሲወጣ እንዲሁ ነው። ዳዊትም በመዝሙር 46 «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ» ይላል፤ ይባቤ ማለት እልልታ ነው። ስንት ጊዜ እንደ ተባለ አልጻፈም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ስታሸንፍስ ማን ሦስት ላይ አቆመ?

«ነገሩ ምልክት እንጂ ንቀት አይደለም» የሚሉ አሉ። ለድሮው ዘመን እቀበላቸዋለሁ። ስልክ በሌለበት አገር ማዶ ላለው ጎረቤት ወሬውን የሚያደርሰው እልልታው ነበር። ዛሬ ግን የጽንሱ ጾታ በአልትራሳውንድ ከወራት በፊት ይታወቃል፤ ፎቶውም ልጁ በተወለደ ዕለት ዋሽንግተን ያለችው አክስት ዘንድ ይደርሳል። የሚነገር ወሬ ካለቀ ቁጥሩ የቀረው አንድ ሥራ ነው፤ ደስታችንን እየሰፈረ ለአንዱ ማብዛት፣ ለሌላዋ ማሳነስ። ምልክት ነው ከተባለም ለምን የሴቷ ሰባት፣ የወንዱ ሦስት አልሆነም?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንዱ አራሽ ነው፣ ዘማች ነው፣ ወራሽ ነው ይባል ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በትዳር እኩል ካደረገ ቆይቷል፤ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይም የሁለቱም ስም ይሰፍራል። እልልታው ግን አልሰማም።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ድርሻዋን የሚቆርጡባት ራሳቸው ሴቶች መሆናቸው ነው። ያው አዋላጅ፣ ያቺው አያት። ለእናቲቱ ሲሆን እኮ አያበላልጡም፤ ወንድ ወለደች ሴት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፣ የገንፎው ቅቤም አይቀነስባትም። ቁጥቁጥ የሚባልባት ገና ዓይኗን ያልገለጠችው ሕፃን ናት። መንታ ተወልደው አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ቢሆኑስ? አሥር ይባላል?

እኩል ይሁን ሲባል የወንዱን ወደ ሦስት እናውርደው የሚል አስታራቂ አይጠፋም። እኔ በሰባቱ ነኝ። ሐኪም ቤት ውስጥ ነርሷ «ሕመምተኛ አለ፣ ዝም በሉ» ብትል የጎደለው ቤት ሲገባ ይሞላል። ክርስትናም አለ፤ በ40 ቀንም ይሁን በ80።