ማስተካከያ፦ «ለቅሶ ቤት አትቆዩ» ስለሚለው ጽሑፍ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ጽሑፍ እየዞረ ነው። «ሐዘን እንደ ጉንፋን ይጋባል፣ ያሳምማል፤ ፌስቡክ በጥናት አረጋግጧል፤ ለቅሶ ቤት አትቆዩ» ይላል። ጥናቱ ግን እንዲህ አላለም።

ጥናቱ በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ወጥቷል። ለ689,003 ተጠቃሚዎች ለአንድ ሳምንት የሚታያቸው ጽሑፍ ተለወጠ። ደስ የሚል ጽሑፍ የተቀነሰባቸው ሰዎች እነሱም ትንሽ ከፋ ያለ ቃል ጻፉ። ትንሽ ስል በጣም ትንሽ፤ ለውጡ ከ1,000 ቃል አንድ ቢሆን ነው። በሽታ አልተለካም። ሐዘንተኛ ጋ መቀመጥም አልተጠናም። ደግሞ ሰዎቹ ሳይጠየቁ መሞከሩ ብዙ ወቀሳ አስነስቷል።

ስሜት መጋባቱ እውነት ነው። የሰው ፊትና ድምፅ ሳይታወቀን ይዞን ይሄዳል። ግን ደስታም ይጋባል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት 4,739 አሜሪካውያንን ለ20 ዓመት ተከታትሎ፣ ደስተኛ ወዳጅ በቅርብ ያለው ሰው ራሱም ደስተኛ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል።

የሚያሳስበኝ ሐዘንተኛው ነው። ብቸኝነት ለድብርትና ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ጽሑፉን አምናችሁ ከቅሬ ወይም ከእድር የቀራችሁ፣ እባካችሁ ሂዱ። ያጋራችሁትም ይህን ማስተካከያ እዚያው ግሩፕ ላይ አድርሱልን።