ያለ ልፋት የሚመጣ ገቢ?

«ፎቶ አንሳ፣ ፎቶ የሚሸጥ ድረ ገጽ ላይ ጫን፣ ከዚያ የትም ሆነህ ዶላር ቁጠር።» ይህን ምክር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ጥር 11 ጎንደር ነበርኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ የፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆሜ ጥምቀትን አነሳሁ። ከ900 ፎቶ 60 መረጥኩ። ለእያንዳንዱ በእንግሊዝኛ መግለጫና በርካታ የመፈለጊያ ቃላት መጻፍ አለ። ይሄ ብቻ ሁለት ሳምንት በላብኝ። በዚያ ላይ ፊቱ የሚለይ ሰው ፈርሞ ካልፈቀደ ፎቶው ለማስታወቂያ አይሸጥም፤ ለዜናና ለመጽሔት ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ምዕመን መሀል ማንን ላስፈርም? ደግሞስ ጸሎት ላይ ያለን ሰው ወረቀት ይዞ ማቋረጥ ነውር አይደለም እንዴ?

ሲሸጥም ሳንቲም ነው። አንድ ገዢ ከድረ ገጹ ሲያወርደው ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ከአንድ ዶላር በታች ነው። የተወሰነ መጠን እስኪሞላ ደግሞ አይከፈልም። እንደምንም ሲሞላ፣ ድረ ገጹ የሚከፍልበት አካውንት ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ አልቀበል አለኝ! ውጭ ያለችውን እህቴን ማስቸገር ግድ ሆነ።

ሌንሱን የገዛሁት በብድር ነው። እባካችሁ፣ ጀማሪ ልጆችን «ተኝታችሁ ትበላላችሁ» እያላችሁ ካሜራ አታስገዟቸው።