ሠላሳ ኦቾሎኒ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሻይ ቤት በዛፍ ጥላ ሥር አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። አንደኛው ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው ባጃጅ ነጂ ነው። ሦስተኛዋ ለሥራና ሥራ አጥነት ጥናት ቤት ለቤት እየዞረች መጠይቅ ስትሞላ የነበረች ወጣት ናት።

ነገሩን የጫረው ባጃጅ ነጂው ነው። ወንድሙ አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ በምትባለው ትንሽ ግዛት ይኖራል።

«እዚያ በየወሩ የሥራ ቁጥር ይወጣል» አለ። «የሰሞኑ ግን ወንድሜን ግራ አጋብቶታል። ሥራ አጡ ቀነሰ ይላል፤ የሥራው ብዛትም ቀነሰ ይላል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?»

«ውሸት ነዋ!» አሉ ሽማግሌው። «ሥራ ሲቀንስ ሥራ አጥ ይበዛል እንጂ! ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ባልኖረች። ባቡሩ ሲዳከም ደግሞ የስንቱ ቤት ምድጃ እንደቀዘቀዘ አይቻለሁ። ለዚህ ወረቀት አያስፈልገኝም።»

«ጋሼ፣ ውሸት አይደለም» አለች ልጅቷ። «ሁለቱ ቁጥሮች የሚመጡት ከሁለት ጥናት ነው። አንዱ ቤተሰብን ይጠይቃል፤ ሌላው የአሠሪዎችን የደመወዝ መዝገብ ይቆጥራል። ሮድ አይላንድ አድሮ ጎረቤት ግዛት ማሳቹሴትስ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያው የሮድ አይላንድ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ግን ሥራው የሚቆጠረው ለማሳቹሴትስ ነው።»

«ከሽንሌ በጠዋት መጥቶ እዚህ ሠርቶ እንደሚመለሰው ማለትሽ ነው?»

«አዎ። ሰውየው የሽንሌ፣ ሥራው የድሬዳዋ።»

«እኔስ?» አለ ባጃጅ ነጂው።

«አንተ የምትታየው በቤተሰብ ጥናቱ ብቻ ነው። የደመወዝ መዝገቡ ለራሱ የሚሠራውንም ሆነ የቤት ሠራተኛዋን አይቆጥርም። ከተማችን በዚያ መዝገብ ብቻ ብትለካ ጉሊቱ በሙሉ ይጠፋ ነበር።»

ሽማግሌው አልተዋጠላቸውም። ይህን ጊዜ ልጅቷ ከፊታችን የነበረውን የባቢሌ ኦቾሎኒ ሰሃን ወደ ራሷ ሳበች። ለሥራ የደረሱ ሰዎች ይሁኑ ብላ ሠላሳ ፍሬ ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ዐሥሩን ለይታ ወደ ጥግ ገፋች፤ ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ልጅ የምታሳድግ እናት አለቻቸው። ከቀሩት ሃያ ፍሬዎች ውስጥ ዐሥራ ስድስቱ ይሠራሉ፤ አራቱ ሥራ ይፈልጋሉ።

«ሥራ አጥነት ስንት ነው?»

«ከሃያው አራቱ፤ ሃያ በመቶ» አለ ባጃጅ ነጂው።

ከአራቱ ሁለቱን አንሥታ ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። «እነዚህ በር ማንኳኳት ሰልችቷቸው ተዉት። እዚያ አገር ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ፍለጋ ያልሞከረ ሰው በአብዛኛው ከሥራ አጥ አይቆጠርም። አሁንስ?»

ከዐሥራ ስምንት ሁለት፤ 11 በመቶ ገደማ። ማንም አልተቀጠረም። ዐሥራ ስድስቱ ፍሬዎች ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

ሽማግሌው ዝም ብለው ኦቾሎኒዎቹን ሲያዩ ቆዩና «እኛስ እንዲሁ ነው የምንቆጠረው?» አሉ።

«በእኛ የከተማ ጥናት እንኳ ሥራ ፍለጋ ባይዞርም፣ ቢገኝ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ ያለ ሁሉ ሥራ አጥ ተብሎ ይመዘገባል። ተስፋ የቆረጠውን እኛ እንቆጥረዋለን።»

ሻይ የምትቀዳልን ሴት ብርጭቆ ልታነሣ መጥታ ይህን ሰማች። «የእኔን ልጅ ጠይቀዋት ነበር» አለች። «ሥራ ብታገኚ ትጀምሪያለሽ ወይ አሏት። ሕፃኑን ማን ይይዝልኛል፣ አልችልም አለች። እሷስ የቱ ጋ ናት?»

ልጅቷ ጥግ ወደተገፉት ፍሬዎች አመለከተች። ሴትየዋ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሄደች። ለጥቂት ጊዜ ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም።

እኔ በዚህ ክርክር የምፈርደው እንዲህ ነው። ሽማግሌው ውሸት ማለታቸው ስሕተት ነው፤ አንድም ሰው ሳይቀጠር የሥራ አጥ ቁጥር ሊወርድ እንደሚችል በዓይናችን አየን። በዚያ ላይ ሮድ አይላንድ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ግዛት ናት። በየወሩ በመላው አሜሪካ ከሚጠየቁት 60,000 ገደማ ቤተሰቦች የሚደርሳት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የግዛቷ ቁጥር በስሌት ሞዴል ይደገፋል፣ በየዓመቱም ይከለሳል። የአንድ ወር ከፍና ዝቅ የናሙናው መዋዠቅ ሊሆን ይችላል። እኔ የወንድምየውን ቦታ ብይዝ ቢያንስ ሦስት ወር አስተያይ ነበር።

ነገር ግን ሽማግሌው ያዩት የቀዘቀዘ ምድጃ እውነት ነው፤ ልጅቷም «ትርጓሜው እንዲህ ነው» ብላ ማለፏ አይበቃኝም። የሥራ አጥነት ምጣኔ ብቻውን ሲነገር የሻይ ሻጯ ልጅ ከሂሳቡ ትወጣለች። መጀመሪያ መነገር ያለበት ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ኦቾሎኒዎቹ ላይ ይህ ቁጥር ከሠላሳ ዐሥራ ስድስት ነበር፤ ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ሲወጡም ያው ከሠላሳ ዐሥራ ስድስት ነው። ተስፋ መቁረጥ አያሳምረውም። ወንድና ሴት ተለይቶ ቢነገር ደግሞ የሕፃናት ማቆያ እጦት ምን ያህል ሴት ቤት እንዳስቀረ ፍንጭ ይሰጠናል።

ባጃጅ ነጂው ለድሬዳዋም በየወሩ ይውጣልን ብሎ ነበር። በዚህ አልስማማም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ከነገጠሩ 341,834 ሰው ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በዚህ መሠረት ላይ በየወሩ ጥቂት ቤት አንኳኩቶ ቁጥር ማውጣት ሕዝቡን ያሳስታል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብዙ ቤት ተንኳኩቶ፣ ሰው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት እንዳገኘ ተጠይቆ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ስንነሣ ለባጃጅ ነጂው አንድ አደራ ሰጠሁት፤ ለወንድሙ ሲደውል ሮድ አይላንድ ውስጥ ለሥራ ከደረሰው ሰው ከመቶ ስንቱ ሥራ ላይ እንዳለ እንዲጠይቅልኝ። ሽማግሌው ጥግ ከነበሩት ፍሬዎች አንዷን አንሥተው ወደ ዐሥራ ስድስቱ ጨመሯትና «ይቺ የእሷ ልጅ ትሁን» አሉ።