ለአይጦች እንኳን ደስ አላችሁ

የስኳር በሽታ ማክሰኞ ዕለት ጠፋ። ጋዜጣው ነው ያለው። «ስኳር ታሪክ ሆነ!» ይላል፤ ፊደሉ አውራ ጣት ያክላል። ከጎኑ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሰማያዊ ውሃ ያለበት ብልቃጥ ላይ አፍጥጣለች። (አምና ካንሰርን ያጠፋችውም እሷው ናት። ራሰ በራነትንም። ፎቶው አንድ ነው።) ወደ ገጽ 7 ዞርኩ። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ፣ ከማስታወቂያው ሥር፣ ሁለት ቃል ተሸጉጣ አገኘሁ፦ «በአይጦች ላይ»።

አልተናደድኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ለአይጥ። እንደሷ የታደለ ማን አለ? ካንሰሯ ስንቴ ዳነ! ቦርጯ ጠፋ። እርጅናዋ ወደ ኋላ ተመለሰ። ፀጉሯ በቀለ፤ መጀመሪያም ራሰ በራ አልነበረችም፣ ግን ይሁን። አልዛይመርማ በተፈጥሮዋ አይዛትም። ተመራማሪዎች የሰው ዘረ መል ጨምረውባት ያሳምሟታል፣ ከዚያ ያድኗታል፣ ከዚያ ጋዜጠኛው «መርሳት ቀረ» ብሎ ይጽፋል። ዛሬ የጋዜጣ አይጥ ሸንቃጣ ናት፣ ጎፈሬዋ የተበጠረ፣ የልጅነት ጓደኞቿን በስም የምታስታውስ። ድመት ካልበላቻት የምትሞትበት ምክንያት የለም። የድመቱም መድኃኒት ተቃርቧል፤ አምስት ዓመት ብቻ ነው የቀረው። ሁሉም ነገር አምስት ዓመት ነው የሚቀረው። እኔ ልጅ ሆኜም አምስት ዓመት ነበር የቀረው።

ዘጋቢያችን ማንን እንደጠየቀ ደግሞ እዩልኝ። መድኃኒቱ ድንቅ መሆኑን የመሰከረው መድኃኒቱን የሠራው ሰውዬ ነው። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ይሉ ነበር፤ እዚህ ድንቢጧም ቀርታለች፣ አይጧ ራሷ መስክራ ሄደች።

ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ 10 መድኃኒቶች 9 ያህሉ ወድቀው ይቀራሉ። ልደታቸው የፊት ገጽ ነበር። ሲሞቱ መርዶ የሚነግር የለም።

ሒሳቡም ያስደንቃል። ከ10,000 ሰው 2 ይታመም የነበረው 1 ሲሆን «በሽታውን በ50 በመቶ ቀነሰ»! ውሸት አይደለም እኮ። ሲያስፈራሩንም በዚሁ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ብሪታንያ ውስጥ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ደም የመርጋት አደጋን «በእጥፍ» ይጨምራሉ ተባለ። እጥፉ ከ7,000 ሴቶች ከ1 ወደ 2 ነበር። ጋዜጦቹ እጥፉን አራገቡት፣ ሴቶቹ እንክብሉን ጣሉ። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተገምቷል።

አክስቴ የማክሰኞዋን ገጽ ቆርጣ፣ አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ረቡዕ ቀጠሮ ነበራት። 20 ዓመት ሙሉ ሆዷን በመርፌ ስትወጋ የኖረች ሴት ናት። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እጥፋቱን በመዳፏ እያስተካከለች፣ «ልጄ፣ ይሄኛው መጣ እንዴ?» አለቻት ነርሷን። ነርሷ አንብባ ዝም አለች። ከዚያ መርፌውን ጻፈችላት። አክስቴ ወረቀቷን መልሳ አጠፈች፤ አልጣለቻትም።

ይሄ ነውር ነው። «በአይጦች ላይ» የሚለውን ርዕሱ ላይ ለማስገባት ስንት ፊደል ይፈጃል? ቦታ ጠፍቶ ነው? ያን ሁሉ ቃለ አጋኖ የቻለ ገጽ!

ይቅርታ፣ ማመስገን ላይ ነበርኩ። ሐሙስ ዕለት ያው ጋዜጣ ገጽ 5 ላይ «የስኳር ሕሙማን ቁጥር አሻቀበ» ይላል። ማክሰኞን ሳያነቡ ቀርተው ይሆናል።