«በጉልበት ሕመም የሞተ የለም» አሉን

ሰሞኑን እዚህ ለንደን ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ወሬው የኤንኤችኤስ፣ የብሪታንያ የመንግሥት ጤና አገልግሎት፣ ወረፋ ነው። አንዱ እንግዳ ስለ ኮቪድ ጊዜ ተጠየቀ። ዳሌና ጉልበት በቀዶ ሕክምና የመቀየር ሥራ ቢቆምም ያን ያህል ጉዳት አልደረሰም፣ በጉልበት ሕመም የሞተ ሰው የለም ብሎ አለፈው። አዘጋጁም ዝም። እኔ ግን አልቻልኩም።

በፈረንጆቹ መጋቢት 2020 የማያስቸኩል ቀዶ ሕክምና ሁሉ ይራዘም የሚል ደብዳቤ ለእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሲወጣ አልተቃወምኩም። ሰው ትንፋሽ ባጠረው ሰዓት ጉልበት ይቅደም የሚል የለም። የተባለው ግን ቢያንስ 3 ወር ነበር። በመጋቢት 2021 ለልዩ ልዩ ሕክምና ከዓመት በላይ የጠበቀው ሰው ከ436 ሺህ በልጧል። ከወረርሽኙ በፊት 1,600 ገደማ ነበር። ቫይረሱ ነው እንዳይሉን ደግሞ፣ በ18 ሳምንት ውስጥ እናክማለን የሚለው ደንብ ኮቪድ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ነው የተጣሰው። አሁን እስከ ፈረንጆቹ መጋቢት 2029 ጠብቁ ተብለናል።

«አልሞቱም» ወደሚለው ልመለስ። በብሪታንያ 10 የሕክምና ማዕከላት ውስጥ ዳሌና ጉልበት ለማስቀየር የሚጠብቁ 843 ሰዎች በወረርሽኙ ጊዜ ተጠይቀው ነበር። መጠይቁ ስለ መንቀሳቀስ፣ ራስን ስለ መንከባከብ፣ ስለ ዕለት ሥራ፣ ስለ ሕመምና ስለ ጭንቀት ያነሣል። ከመልሱ ነጥብ ይወጣል፤ ሙሉ ጤና 1 ነው፣ ሞት 0። ከ0 በታችም አለ። ከሞት የከፋ ኑሮ ማለት ነው። ዳሌ ከሚጠብቁት 35 በመቶ፣ ጉልበት ከሚጠብቁት 22 በመቶ እዚያ ውስጥ ተገኙ። ከኮቪድ በፊት 19 እና 12 በመቶ ነበር። ልክ ነህ ወንድሜ፣ አልሞቱም።

እኔን የሚያበሽቀኝ ግን ይህም ቁጥር የእኛን ሰው አያውቀውም። አክስቴ ጉልበቷን ለማስቀየር ወረፋ ላይ ሳለች ነርስ ደወለችላት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ሕመሙ እንዴት ነው? «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» እኔም እንደ ሞኝ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ነርሷ ደስ አላት። ስልኩ ሲዘጋ አክስቴ ከሶፋው ለመነሣት ሁለቴ ሞከረች። በሦስተኛው ጎትቼ አነሣኋት።

«ለምን አልነገርሻትም?»

«ሰው በኮቪድ እየረገፈ እኔ ስለ ጉልበቴ ላውራ? አላፍርም?»

ይህችን ሀፍረት የትኛው መጠይቅ ይለካታል? የእኛ እናቶች «እንዴት ነሽ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው። ቢሮ ያለው ሰው ደግሞ «ደህና ነኝ» ሲሉት ደህና ናቸው ብሎ ይጽፋል፣ ወረፋቸውንም ወደ ታች ይገፋዋል። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የተጎዱት ያላማረሩት ናቸው እላለሁ።

አክስቴ ደረጃ መውጣት ስላቃታት ሳሎን መተኛት ጀመረች። ገላዋን ለመታጠብ ልጇ ከሥራ እስክትመጣ ትጠብቃለች። ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት እንኳ መሄድ ተወች። ወንበር ይሰጧታል፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ስቅለት ዕለት ሌላው ሲሰግድ ቁጭ ብላ ማየቱን አልቻለችም። ስንት ዓመት የሰገደች ሴት! ሁለቴ ቀን ተሰጥቷት ሁለቴ ተሰረዘ። ለመጀመሪያው ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጸልዩልኝ ብላ ነበር። ለሁለተኛው ለማንም አልተናገረች፣ ሻንጣዋንም አላወጣች።

በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና «ኤሌክቲቭ» ይሉታል። ሰውዬው መርጦት የገባበት ያስመስሉታል። ጉልበት እንደ መጋረጃ ቀለም ይመረጣል እንዴ? ቃሉ ነው መጀመሪያ የሚያታልለው። አንዴ «ኤሌክቲቭ» ከተባለ ማዘግየቱ ጭካኔ መሆኑ ይቀርና የቀጠሮ ማሸጋሸግ ይሆናል። ገንዘብ ያለው ደግሞ በግል ሆስፒታል ከፍሎ በሳምንታት ውስጥ ይራመዳል። ለእሱ ምርጫ ነው፣ እሺ።

አክስቴ በስተመጨረሻ ተሠራላት። ጉልበቱ ደህና ነው። የእግሯ ጡንቻ ግን ሟሙቶ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ ነካ ነካ አደረገና «ምነው ቀደም ብለሽ ብትመጪ?» አላት።

መልሷን በዚያን ቀን ቃል በቃል አልተረጎምኩትም።