ዝም ያለ በሽተኛ ይባረክ

እኛ ወሎዬዎች በጨዋነት አንታማም። ሰው ፊት ድምፃችንን ከፍ አናደርግም። ስንቆጣ እንኳ «የኔ ጌታ» ብለን ነው የምንጀምረው። ይህ ጨዋነት ግን ጥርት ብሎ የሚታየው ሆስፒታል ነው። እዚያ አንጠይቅም። ዛሬ እስኪ ስለ አለመጠየቃችን የሚገባንን ምስጋና ልስጥ።

ሌላ ቦታማ እንጠይቃለን። ደሴ ሰኞ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ክንፏን ያነሳል፣ ደረቷን ይዳብሳል፣ ከየት እንደመጣች ያጣራል፣ ለምን እንዳንቀላፋች ሻጩን ያፋጥጣል። ያው ሰውዬ በማግስቱ ክንዱን ለማያውቀው መርፌ ይዘረጋል። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ አይጠይቅም፣ ለምን እንደታዘዘለት አይጠይቅም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደየእምነቱ «ቢስሚላህ» ወይም «በስመ አብ» ይላል። ዶሮዋ እንኳ ተንጫጭታለች።

በቅርቡ ሰው ልጠይቅ አንድ ሆስፒታል ገባሁ፤ ስሙ ይቅር። ሲስተሯ ትሪዋን ይዛ የወንዶች ዋርድ በር ላይ ቆመችና «መሐመድ ሰይድ!» አለች። ወሎ ውስጥ ይህን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ግማሹን ዋርድ መጥራት ነው። ሁለት ሰው «አቤት!» አለ፤ አንዱ ከበሩ አጠገብ፣ አንዱ ከመስኮቱ ሥር። የመስኮቱ ሰውዬ እንዲያውም ሰይድ መሐመድ ናቸው። ግን ሲስተር ስትጣራ ዝም ማለት ነውር ነውና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት በሽተኛውን ቢያንስ በሁለት መለያ አረጋግጡ ይላል፤ ለምሳሌ በስምና በትውልድ ቀን። የትውልድ ቀን ብትጠይቃቸውማ «በ77ቱ ድርቅ እናቴ እርጉዝ ሳለች» ብለው ሊጀምሩላት ነው። ስለዚህ «አቤት» በቂ ነው። የተወጋው የበሩ ይሁን የመስኮቱ፣ የትኛውስ ነበር የሚገባው፣ እኔም ጨዋ ነኝና አልጠየቅሁም።

አንዲት እናት ደግሞ አውቃለሁ። ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። አንዴ ተወግተው ሰውነታቸው ሁሉ ተንደብድቦ፣ ፊታቸው አብጦ ነበር። ይህን ለጎረቤት፣ ለቡና አጣጭ፣ ለአማታቸው ሳይቀር ነግረዋል። ያልነገሩት ለሐኪም ብቻ ነው። «እሱ የተማረ አይደል? ያውቀዋል» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው እንደገና ሲወጋ በደቂቃዎች ውስጥ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ቢሆንም ሐኪም ፊት ብዙ ማውራት ደስ አይልም።

ባለሙያዎቻችንም ከምስጋናው ድርሻ አላቸው። ሲሳሳቱ ዝም፣ ሌላው ሲሳሳት ሲያዩም ዝም። ምን ያድርጉ? ስህተቱን የመዘገበ ሰው የሚያገኘው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና ቅጽል ስም ነው። ሁለት የማይገናኙ መድኃኒቶች መንታ በሚመስሉ ብልቃጦች ይመጣሉ። መብራት ይጠፋል። ተረኛዋ ነርስ ዋርዱን ብቻዋን ይዛ፣ በስልኳ ባትሪ እያበራች፣ ካደረች በኋላም የምትተካት ቀርታ ትውላለች። በመጨረሻ እጇ የተሳሳተውን ብልቃጥ ያነሳል። ብልቃጦቹን ለዩ፣ ሰው ጨምሩ፣ መብራቱን አስተካክሉ ቢባል በጀት ይጠይቃል። ነርሷን ጥፋተኛ ማድረግ ግን አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው። በሚቀጥለው ወር ሌላዋ ነርስ ያንኑ ብልቃጥ ታነሳለች፤ ወረቀት ደግሞ አያልቅም።

ቤተሰብም ይተባበራል። «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ቀኑን ማን እንዳፋጠነው መመርመር በአላህም በእግዜርም ሥራ መግባት ነው።

ይህ ጨዋነት ያልተሰጣቸው አሜሪካኖችን እዩ። የሕክምና ኢንስቲትዩታቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ዘገባ፣ በሆስፒታሎቻቸው በስህተት ምክንያት በየዓመቱ ከ44 ሺህ እስከ 98 ሺህ ሰው ይሞታል ብሎ ገመናቸውን አደባባይ አወጣው። ማን አስገደዳቸው? ቁጥሩ ላይ ይከራከሩ እንጂ ነገሩን መልሰው አልቀበሩትም። አብዛኛው ጥፋት የመጥፎ ሰው ሳይሆን የመጥፎ አሠራር ነው ብለው አሠራሩን መነካካት ጀመሩ። እኛ አንቆጥርም። ያልተቆጠረ ሬሳ ደግሞ ስብሰባ አያስጠራም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለኦፕራሲዮን ክፍል 19 ነጥብ ያለው ቅጽ አወጣ። ነገሩ ሁሉ ጥያቄ ነው። ስምህ ማነው? የሚቀደደው በቀኝ ነው በግራ? የማይስማማህ መድኃኒት አለ? ፋሻውና መርፌው ተቆጥሯል? በ8 ከተሞች ሲሞከር ከ100 ታካሚ 1.5 የነበረው ሞት ወደ 0.8 ወረደ። የፈረንጅ ነገር ነው እንዳትሉ፣ ከስምንቱ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት። ቅጹ እኛም ዘንድ ደርሷል። ባለሙያ ወዳጆቼ እንደሚያጫውቱኝ፣ አንዳንድ ቦታ በሽተኛው ተሰፍቶ ከወጣ በኋላ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አሥራ ዘጠኙም ላይ ራይት ይደረጋል። አንድም የተሳሳተ መልስ የለም። ማትሪክ እንዲህ ቢታረም ኖሮ!

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሴፕቴምበር 17 የዓለም የታካሚዎች ደኅንነት ቀን ነው፤ ለእኛ መስከረም መጀመሪያ፣ እንቁጣጣሹ ሳይበርድ። የ2023ቱ መፈክር የታካሚዎች ድምፅ ከፍ ይበል የሚል ነበር። እንግዲህ ይህን ባነር ላይ አትሞ በር ላይ መስቀል ይቻላል። ለወሎ ታካሚ መንገር ግን ባለጌ ሁን እንደማለት ነው።

ባለጌ ደግሞ አልጠፋም። አንድ ወዳጄ ያየውን ነገረኝ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሴት አያቷን ታስታምማለች። ሲስተሯ ኪኒን ይዛ መጣች። አያት እጃቸውን ዘረጉ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ይሄ ለምንድነው?» አለች ልጅቷ።

ዋርዱ ጸጥ አለ። አንድ አስታማሚ «ኧረ በሞቴ!» አሉ።

«ለስኳራቸው ነዋ።»

«እማዬ እኮ ስኳር የለባትም።»

ሲስተሯ ካርዱን ገለጠች፣ የአልጋውን ቁጥር አየች፣ ኪኒኑን መልሳ ትሪው ላይ አኖረች። «ጎበዝ፣ የሰባት ቁጥር ነው» ብላ ወደዚያው ሄደች። በቃ፣ ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልሞተ። አያት ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ልጅቷን በክርናቸው ጎሸሟት።

«አንች፣ ምነው ሰው ፊት አዋረድሽኝ? ዝም ብየ ብውጠው ምን ነበረበት!»