የሰፈራ ጣቢያ ስንሠራ ማንን ጠይቀን ነው?

ጎጃም ድርቅ አያውቅም ይባላል። ከአዴት፣ ከቢቸናና ከደጀን ጤፍ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ለሚያይ ሰው እውነት ይመስላል። የሸበል በረንታን፣ የእነብሴን፣ የጎንቻን ቆላ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ገደል ጫፍ የሚያርሰው ገበሬ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ቀርቶለታል። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ከወጣ የዓመቱ ነገር አለቀ። ልጁ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው፣ እህል ሲያልቅም አባትየው የሚከተለው ለዚህ ነው። ጎጃም የሚሰደድ ገበሬ አለው። ከሌላ አገር የተሰደደ ገበሬም ተቀብሎ ያውቃል። ሁለቱንም ያየ አገር ስለ ሰፈራ ጣቢያ የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ድርቅ በመጣ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይነሳል፤ ደጋው በሰው ተጨናንቋል፣ ቆላው ጠፍ መሬት ሞልቶበታል፣ ስለዚህ ሰውን አንስተን እናስፍር ይባላል። በወረቀት ላይ ስሌቱ አይሳሳትም። እኔም ሰፈራን በጅምላ ከሚያወግዙት ወገን አይደለሁም፤ ረኃብ የገባበት ሰው አገሩን ለቆ ቢሄድና የሚያርፍበት ቢዘጋጅለት ምኑ ይነቀፋል? የምቃወመው ሰፋሪውም ባለአገሩም ሳይጠየቁ የሚቆመውን ጣቢያ ነው። ይህን ደግሞ መተከል ላይ በደንብ አይተነዋል።

መተከል በ1977 የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር። በዚያ ዓመት ደርግ ከድርቁ አካባቢ ሰው እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማጓጓዝ ጀመረ። ከአንድ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በአገር ደረጃ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተጓዘ። ከዚህ ውስጥ 80 ሺህ ገደማ የሚሆነው በበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ላይ ወረደ። አብዛኛው የወሎ ሰው ሲሆን ከከምባታና ሐዲያም የመጡ ነበሩበት። ወድዶ የተመዘገበ አልነበረም አልልም፤ የልጁ ሆድ ባዶ የሆነበት አባት የትም ሂድ ቢባል ይሄዳል። ግን እርዳታ እህል ሊቀበል ተሰልፎ ሳለ የተያዘ፣ ለገበያ ወጥቶ ሳይመለስ የተጫነም ነበር። ባል ወደ አንዱ ጣቢያ፣ ሚስት ወደ ሌላው የተላኩበትም አለ።

የወሎ ደገኛ ቆላ ሲገባ ወባ ጠበቀው። ከብት ላርባ ቢል ገንዲ ጨረሰበት። መንደሮቹ በቁጥር ተሰየሙ፤ መንደር 7፣ መንደር 14 እየተባለ፣ እስከ ዛሬም ብዙዎቹ የሚጠሩት በዚያው ነው። ሥራው በጋራ፣ ክፍያው በነጥብ፣ እህሉ በጣቢያው መጋዘን ገብቶ በራሽን የሚታደል ነበር። ምን እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ስንት ኪሎ እንደሚደርሰው የሚወስነው ካድሬውና ባለሙያው ነው። ራሱን ችሎ ሲያርስ የኖረ ሰው በአንድ ጀንበር ነጥብ ለቃሚ ሆነ።

ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣
ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።

ከ1978 ጀምሮ ደግሞ የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሆኖ ገባ፤ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ ደኑን መነጠረ፣ መንገድ ጠረገ፣ ሆስፒታል ሠራ፣ ትራክተር በገፍ አሰማራ። ሆስፒታሉ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ እሱን መካድ ንፉግነት ነው። ግን በ1983 ደርግ ሲወድቅ ፕሮጀክቱም አብሮ ወደቀ፤ ማሽኑ ተዘረፈ፣ ሰፋሪውም ብዙው ወደ መጣበት ተመለሰ፣ የቀረው በሞፈርና በዶማ እንደገና ጀመረ። የፓዌ ሰው ዛሬ የቆመው በዚያ ሁለተኛ አጀማመር ላይ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሳይጠየቅ የቀረው ባለአገሩ ነው። ጉሙዙ መሬቱን ጥቂት ዓመት አርሶ ያሳርፈዋል፣ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ቆይቶ ይመለሳል። ያረፈው መሬት ለአዲስ አበባው ካርታ ሠሪ ጠፍ ሆኖ ታየው። ደኑም ለጉሙዝ ማደኛው፣ ማር መቁረጫው፣ የክፉ ቀን ስንቁ ነበር። በአንድ ክረምት ይህ ሁሉ በግሬደር ተጠርጎ ሌላ ሰው ሲሰፍርበት ቂም ባይያዝ ነበር የሚገርመው። የመተከልን ደም ሁሉ ከ1977 ጋር ብቻ አላያይዘውም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የክልል አከላለል፣ ፖለቲካውና የታጠቀው ኃይል የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም በ2013 ከመተከል የሸሸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቻግኒ፣ ራንች በተባለው መጠለያ ውስጥ ተኮልኩሎ ሳለ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ መሬቱ የማን ነው የሚል ነበር። የዛሬ 40 ዓመት አካባቢ በወጉ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

እንዲህ ስል ሌላ ዓይነት ጣቢያ ኖሮ ያውቃል ወይ የሚለኝ ይኖራል። ኖሮ ያውቃል፤ ያውም እርሻን ንግድ ባደረገችው በአሜሪካ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኦክላሆማ፣ በቴክሳስና በአካባቢው ድርቅ ገባ። ሣር ይዞት የኖረውን አፈር ማረሻ ገልብጦት ስለነበር ዝናብ ሲጠፋ ነፋስ አነሳው፤ ቀን በቀን ጨለመ። ገበሬውን ያፈናቀለው ግን አቧራው ብቻ አልነበረም። መንግሥት የጥጥ ዋጋ እንዲያንሰራራ ብሎ ለባለመሬቱ ከመሬትህ ከፊሉን አትዝራ ሲል ገንዘብ ከፈለ። ባለመሬቱ ገንዘቡን ተቀበለ፣ እኩል አራሹን አሰናበተ፣ በቀረው መሬት ላይ ትራክተር አስገባ። በጃንሆይ ዘመን በጭላሎ ሜካናይዝድ እርሻ ሲመጣ ጭሰኛው የተነቀለበትን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም።

በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአሮጌ መኪና ዕቃውን ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ጎረፈ። እዚያ የጠበቀው የለቀማ ሥራ ነው፤ ጥጥ፣ አተር፣ ፍራፍሬ። ማደሪያው የመስኖ ቦይ ዳር፣ የሚጠጣውም የቦዩ ውሃ። እ.ኤ.አ. በ1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከከተማው ርቆ እስከ ካሊፎርኒያ ድንበር ሄዶ ድሃ የሚመስለውን ሁሉ ይመልስ ነበር። ድሃን ወደ ክልሉ ይዞ መግባትን የሚከለክለው ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው በ1941 ነው። ኬላ ላይ ‹መታወቂያህ የየት ነው› የሚለውን ጥያቄ ለምናውቅ ለእኛ፣ የሠለጠነ አገርም ከዚህ አልፎ መምጣቱን ማወቅ አይከፋም።

የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ መምህሩ ፖል ቴይለርና ፎቶግራፍ አንሺዋ ዶሮቲያ ላንግ ያዩትን በጽሑፍና በሥዕል ለመንግሥት አቀረቡ። በ1935 ሜሪስቪልና አርቪን በተባሉ ቦታዎች የመጀመሪያዎቹ ካምፖች ተከፈቱ። የተንደላቀቁ አልነበሩም፤ ድንኳን የሚተከልበት መደብ፣ ሽንት ቤት፣ ገላ መታጠቢያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የምታክም ነርስ። ኪራዩ ጥቂት ሳንቲም ሲሆን፣ ለሌለው በጉልበት ይታሰብለታል። ዋናው ነገር ነዋሪው የራሱን ምክር ቤት መምረጡ ነው። የጽዳት ተራውን፣ የጎረቤት ጠቡን፣ የቅዳሜ ማታውን ጭፈራ ሳይቀር የሚወስኑት እነሱው ነበሩ። ሴቶቹ ኮሚቴ አቋቁመው አዲስ መጪን ይቀበላሉ። ቶም ኮሊንስ የተባለው ሥራ አስኪያጅ ለበላዮቹ በየጊዜው በሚልከው ሪፖርት ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚናገሩ፣ ምን እንደሚዘፍኑ ሁሉ ይጽፍ ነበር። የእኛን ሪፖርት ያነበበ ሰው ‹በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል› ከሚለው ሌላ የሰው ድምፅ ከሰማበት ይንገረኝ።

ትልልቆቹ የእርሻ ባለቤቶች እነዚህን ካምፖች አጥብቀው ጠሉ። ቦይ ዳር ተበታትኖ የሚያድር ሠራተኛ ስለ ደመወዝ አይመካከርም፤ የተሰጠውን ተቀብሎ ያልፋል። በአንድ ግቢ የሚያድር፣ ስብሰባ የለመደ፣ መሪውን የመረጠ ሰው ግን ይመካከራል። ጥላቻቸው ካምፑ መሥራቱን የሚያሳይ ምስክር ነው።

ሆኖም ካምፖቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከተሰደደው ሕዝብ የደረሱት ለትንሹ ነው። በአብዛኛው የሚያስተናግዱትም ነጮቹን ስደተኞች ነበር፤ ከእነሱ በፊት ያንን ማሳ ሲለቅሙ የኖሩት ሜክሲኳውያን በዚያው ዘመን በገፍ ወደ አገራቸው ይባረሩ ነበር። በ1935 የወጣው የሠራተኞች የመደራጀት ሕግም የእርሻ ሠራተኛን አግልሎታል። ስለዚህ አርቪንን እንደ ገነት አላቀርበውም። የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ የገባው ወድዶ ነው፣ ሲፈልግ ይወጣል፣ እስካለ ድረስ ድምፅ አለው።

እኛም ወደዚህ የቀረብንበት ጊዜ ነበር። በ1995 የተጀመረው ሰፈራ 440 ሺህ አባወራ፣ ማለትም 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሕዝብ፣ በ3 ዓመት ውስጥ ለማስፈር አቅዶ በአማራ ክልል መተማን፣ ቋራንና የአዊዋን ጃዊን መርጧል። ሰፈራው በየክልሉ ውስጥ ብቻ፣ በፈቃደኝነት፣ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 2 ሄክታር፣ ጥሎት የመጣው መሬትም እስከ 3 ዓመት ይጠበቅለታል ተባለ። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ከሁሉ የተሻለው ነበር። መመለስ የሚችል ሰው ምርጫ አለው፤ ምርጫ ያለውን ሰው ደግሞ ባለሥልጣን ያከብረዋል። ክፋቱ የሰው ቁጥር ኮታ ሆኖ ወረደ፤ በየቦታው ሰው ቀድሞ ደረሰ፣ ውሃ ጉድጓዱና ጤና ኬላው ኋላ መጡ። ወባ ደግሞ ኮታ አይጠብቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ድርቅ እስኪመጣ አይጠበቅ። ከእነማይና ከጎንቻ፣ ከዳንግላና ከመራዊ ክረምት በገባ ቁጥር የሚወርደው ወጣት ዛሬ የሚያድረው ግራር ሥር፣ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ነው። የካላዛር አስተላላፊ የሆነችው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረውም እዚያው ነው። ከደጋ የሄደው ልጅ ሆዱ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት ሲመለስ ቤተሰቡ መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎም መተት ይለዋል። ገንዘቡን ደላላው፣ ጤናውን በረሃው ይወስደዋል። ወደ ገንዳ ውሃ፣ ወደ ቋራና ወደ ጃዊ በሚወስዱት መንገዶች ላይ የወቅት ሠራተኛ ማረፊያ ይሠራ፤ ጣራ፣ አጎበር፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ካላዛርን የሚመረምር ጤና ኬላ፣ የዕለቱ የአረም ዋጋ የሚለጠፍበት ሰሌዳ። ግቢውን ነዋሪው የመረጠው ኮሚቴ ያስተዳድረው፤ የቀበሌው ሹም ሰብሳቢ ሆኖ አይቀመጥበት። ድርቅ ሲመጣ ያው ግቢ ቤተሰብ ይቀበላል፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ አለበት።

ወጪውስ? ሰሊጥ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሰሊጡን የሚያርመው ይህ ልጅ ነው። በመቶ ሄክታር የሚያለማ ባለሀብት መሬት ሲከራይ ሠራተኛው የሚያድርበትን ድርሻ አብሮ ቢከፍል አይከስርም። ይጮኻል፤ የካሊፎርኒያዎቹም ጮኸው ነበር።

አሁን በጎጃም ጦርነት ነው፣ መንገድ ይዘጋል፣ ማን ይህን ያስባል የሚለኝን ሰው ሐሳብ እቀበላለሁ። ዛሬ ግንብ ይጀመር አላልኩም። ግን ጦርነቱ ራሱ ገበሬውን ከእርሻው እያራቀው ነው፤ ማዳበሪያ ያልደረሰበት፣ በሬውን የሸጠ ሰው የሚቀጥለው ክረምት ቢያንስበት መንገድ ይወጣል። ያን ጊዜ የተለመደው ችኮላ እንዳይደገም አሁን በሕግ ሊጻፍ የሚችል ነገር አለ፤ ለዚህ ሲሚንቶ አያስፈልግም። ሰፋሪ ያለ ፈቃዱ አይጫንም። ቤተሰብ አይነጣጠልም። ጥሎት የሄደው መሬት ላይ ያለው መብት ከ3 ዓመት ይርዘም። ጠፍ ነው የተባለ መሬት ሁሉ፣ የሚያሳርፈው፣ ከብት የሚያሰማራበት፣ ማር የሚቆርጥበት ሰው አለመኖሩን የአካባቢው ሽማግሌዎች በጉባኤ ሳያረጋግጡ ካርታ አይውጣበት። ሽማግሌዎቹ እምቢ ካሉም እምቢታቸው ይመዝገብ፤ ባለሥልጣኑ ሌላ ቦታ ይፈልግ።